ታች ሰው የለም

አባቴ ሊጠይቁን ቨርጂኒያ በመጡ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ ሳሎን ካለው የዓሣ ገንዳዬ ላይ አጎንብሰው አገኘኋቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። የስልካቸውን መብራት ቀጥ አድርገው ወደ ውኃው ይዘዋል። እኔ የወጣሁት ትንሿ ልጄ ለጡት ነቅታ ነው። መምጣቴን ያወቁ ይመስለኛል፣ ግን ዘወር አላሉም። ቆይተው፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው በማይታወቅ ድምፅ፣ «ደኅና ነው። ታች ሰው የለም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዓመት ሊሞላው ነው። ስለ ገንዳው ልጽፍ ብዙ ጊዜ ተነሥቻለሁ። ስለ መብራቱ፣ ስለ ፓምፑ፣ ስለ ጨው ልኬት ልጽፍ እጀምርና ያቺ አጭር ንግግር መሐል ትገባብኛለች። ዛሬ ሁለቱንም አንድ ላይ ልሞክራቸው። ገንዳው እንዴት እንደተሠራ ካልነገርኳችሁ አባቴ ምን እንዳዩ አይገባችሁም፤ እኔም በደንብ የገባኝ አይመስለኝም።

ፎቅ የሚመስለው ገንዳ

ነገሩ የጀመረው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው። ተራ ስጠብቅ ግድግዳ የሚያህል ገንዳ አየሁ። ውስጡ ሐምራዊና አረንጓዴ ነገር፣ ነፋስ እንደነካው የጤፍ ማሳ ይወዛወዛል። ተክል ነው ብዬ ስጠይቅ ተቀባይዋ ሳቀችብኝ፤ ኮራል የሚባል እንስሳ ነው። ኮራል በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌ አስጠግቶ ያኖራል። አልጌው በብርሃን ስኳር ይሠራል፣ ለባለቤቱ ያካፍላል፤ ኪራዩን በእህል እንደሚከፍል ተከራይ ማለት ነው። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ ተከራዩን ያስወጣል፣ ራሱም ነጥቶ ይቀራል። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባል የለ? ባሕርን አንዴ ብቻ ያውም ከዳር፣ ያውም በብርድ ያየሁ የኮተቤ ልጅ፣ በሰው ግድግዳ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። ስሜ ሲጠራ አልሰማሁም።

የመጀመሪያውን ገንዳ የገዛሁት ከተማውን ለቃ ከምትሄድ ሴት ላይ በርካሽ ነበር። ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 30። ፎቅ ይመስላል። የቧንቧ ውኃ ሞላሁበት፣ ጨው በጠበጥኩ፣ በሳምንቱ ሁለት ዓሣ ጨመርኩ፣ በአራተኛው ቀን ሁለቱም ሞቱ። የእኛ ሰፈር ውኃ የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ለሰው ደኅና ነው፣ ለዓሣ ግን መርዝ ነው። ይህንን አላጣራሁም። አዲስ ገንዳ ውስጥ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚበሉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ሳምንታት እንደሚፈጅም አላነበብኩም። የሚያሳፍረው ሥራዬ ነው። የሆስፒታል ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደምና ሽንት ስለካ ውዬ ቤቴ ስገባ አንድ ጠብታ አሞኒያ ሳልለካ ነፍስ ገደልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ቀጥሎ ድንጋዩ ተናደ። ገንዳው ጠባብና ረጅም ስለሆነ ያለው አማራጭ ድንጋዩን እንደ ግንብ መከመር ነበር። አንድ ሌሊት ጓ! አለ። መስታወቱ አልተሰነጠቀም፣ ግን ከላይ እስከ ታች ተጫረ። የወደቀውን ለማንሣት እስከ ብብቴ ድረስ ጠልቄ ጣቶቼ መሬቱን አልነኩም። ሶፋው ላይ ቆሜ፣ እጄ ከትከሻዬ ጨው እያንጠባጠበ፣ ባለቤቴ ከበሩ ሆኖ «ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በክንዴ ልክ

ሁለተኛውን ከመግዛቴ በፊት አራት ወር በወረቀት ብቻ ሠራሁ። መነሻዬ ክንዴ ነበር። ክርኔን ብዙ ሳላጠልቅ መሬቱን መንካት አለብኝ አልኩ። ወለሉ ላይ በፕላስተር አራት ማዕዘን ሠርቼ ለሳምንታት ዞርኩት፤ ልጄ እንደ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘልበት ከረመ። በመጨረሻ የረጋው ልክ ርዝመቱ 91፣ ወርዱ 61፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። አፍ እስከ ገደፉ ቢሞላ 167 ሊትር ይይዛል። ገንዳ ሳይሆን ሰፊ ትሪ ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

ዝቅ ያለ ገንዳ ብዙ ነገር ያቀላል። ውኃ መስታወትን የሚገፋው በቁመቱ ልክ እንጂ በስፋቱ ልክ አይደለም። 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው ግፊት 60 ላይ ካለው ግማሽ ነው። ስለዚህ መስታወቱ ቀጠን ሊል ይችላል፣ ከላይም ክፈፍ አያስፈልገውም፤ አፉ ክፍት ነው። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይደክማል፣ ቀዩ ቀድሞ ይጠፋል፣ ሰማያዊው ይዘልቃል። በእኔ ገንዳ ውስጥ ግን ብዙ የሚወርድበት የለውም፤ ትንሽ መብራት ይበቃል። እንዲያውም መጀመሪያ አቅርቤ ሰቅዬው ኮራሎቹን አቃጠልኳቸውና ሁለት ጊዜ ከፍ አደረግኩት።

የሚያከብደው ሞገዱ ነው። ኮራል ከቦታው አይነቃነቅም፤ ምግቡን የሚያመጣለትም ቆሻሻውን የሚወስድለትም የውኃው እንቅስቃሴ ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ሞገድ ሰሪውን ፓምፕ ከፍ ካደረጋችሁት አየር ይስባል፣ ቤቱን በሙሉ የሻይ ማንቆርቆሪያ ያስመስለዋል። ዝቅ ካደረጋችሁት አሸዋውን ጠርጎ ጥግ ይከምረዋል። ሦስት ሳምንት ቦታ ስቀይርለት ከረምኩ። አሁን ያለው በግራው አጭር ጎን፣ ከውኃው ፊት አራት ጣት ዝቅ ብሎ፣ በርዝመቱ እየገፋ ነው። የውኃው ፊት ዘወትር ይንቀጠቀጣል። ይህንን አስታውሱልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ድንጋዩን በሁለት ደሴት ከፈልኩት፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ከ18 ሳንቲ ሜትር በላይ አይወጡም። በሲሚንቶ ስላያያዝኳቸው የሚናድ ነገር የለም። በመካከላቸው ባዶ አሸዋ ተውኩ። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች ሁሉ ይህንን ይመክራሉ፤ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ይኑር ይላሉ። እኔም ተቀበልኩ፣ ግን እውነቱን ለመናገር ለጊዜው ነበር። አሸዋ ላይ ብቻ የሚቀመጥ፣ የሻይ ሳሕን የሚያህል ክብ ኮራል አለ፤ ገንዘብ ስይዝ እሱን እዚያ መሐል አስቀምጣለሁ ብዬ በልቤ ይዤ ነበር።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ይህንን የምጽፈው አማቴ በስልክ «ድንጋዩን ቀቅዪው፣ ተባይ ካለ ይሞታል» ስላሉኝ ነው። ከባሕር የመጣ ወይም ከሌላ ገንዳ የወጣ ድንጋይ አይቀቀልም። ፓሊቶአ የሚባል፣ ቁልፍ የሚመስል ለስላሳ ኮራል ተጣብቆበት ሊሆን ይችላል። በውስጡ ያለው መርዝ ከኃይለኞቹ የተፈጥሮ መርዞች አንዱ ነው፣ መፍላቱም አያጠፋውም። በእንፋሎቱ ሆስፒታል የገቡ ቤተሰቦች አሉ። የእኔ ድንጋይ ደረቅ ሆኖ የተገዛ ነው፤ ቢሆንም ለአማቴ ቀቅዬዋለሁ አልኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ውኃውን በዚህ ጊዜ በማጣሪያ አሳለፍኩት፤ ከክሎራሚኑም ከሌላውም ነፃ የሆነ ውኃ። የባሕር ውኃ በአማካይ በሊትር 35 ግራም ጨው አለው። ከሥር ካቢኔው ውስጥ ያለውን የማጣሪያ ገንዳ ጨምሮ ለእኔ ከ6 ኪሎ በላይ ሆነ። ባለቤቴ ባልዲውን አይቶ «የሠርግ ወጥ ነው እንዴ?» አለ። ከዚያ ሳልቸኩል አሞኒያ በጠብታ እያደረግኩ ባክቴሪያውን አምስት ሳምንት መገብኩት። አሞኒያው ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ በየማታው እየለካሁ ጻፍኩ። ልጄ በየቀኑ «እማዬ፣ ዓሣው የት አለ?» ይላል፤ «ውኃው ገና አልበሰለም» እለዋለሁ። ከዚያ አሸዋው በቡናማ አልጌ ተሸፈነ፤ አዲስ ገንዳ ሁሉ የሚያልፍበት አስቀያሚ ወር ነው፣ ታግሼ አለፍኩት።

ኮራሎቹ አውራ ጣት የሚያህሉ ቁራጮች ሆነው ነው የመጡት፣ ከሌላ ሰው ገንዳ ተቆርጠው። በሱፐር ግሉ ድንጋዩ ላይ ይጣበቃሉ፤ አዎ፣ ያው የምናውቀው ሱፐር ግሉ። ዓሣዎቹ ለልጄ ስል ብርቱካናማዎቹ፣ ሦስት ነጭ መስመር ያላቸው ሁለት ክላውንፊሾች ናቸው። ፋየርፊሽ የምትባል ቀጭን ዓሣም ነበረች። አፉ ክፍት የሆነ ገንዳ የራሱ ዕዳ አለው፤ በሁለተኛው ሳምንት ዘልላ ወጥታ ከሶፋው ኋላ እንደ ቋንጣ ደርቃ አገኘኋት። በማግስቱ የመረብ ክዳን ሠራሁ።

ቀንድ አውጣዋ እና አሞሌው

ሰፊ ፊት ያለው ውኃ በፍጥነት ይተናል። በብርዱ ወራት የቤቱ ማሞቂያ ሲሠራ በቀን ወደ 3 ሊትር ይሄድብኛል። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። ስለዚህ በጎደለው ልክ ጨው የሌለው ውኃ የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ አለ፣ የሚያዘውም ተንሳፋፊ ነው፤ ውኃው ሲወርድ ይወርዳል፣ ፓምፑ ይነሣል።

ለገና አራት ቀን ከቤት ወጣን። ስንመለስ ገና በሩ ላይ ጉርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ውኃውን ከካቢኔው ወደ ላይ የሚመልሰው ዋናው ፓምፕ አየር ይጠጣል። ካቢኔውን ስከፍት አንዲት ቀንድ አውጣ ተንሳፋፊውን ከግድግዳው ጋር አጣብቃ ተቀምጣበታለች። መሣሪያው ውኃው ሞልቷል ብሎ አምኗል። የገንዳው ጠርዝ በሙሉ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል። በሪፍራክቶሜትር ለካሁ (በሥራ ቦታ የሽንት ጥግግት የምንለካበት ዓይነት ነው፤ አትደንግጡ፣ የቤቴ ለብቻው ነው)፣ ጨውነቱ በሊትር ከ37 ግራም በላይ ነው።

ኮራሎቹ ተሸማቀው ነበር እንጂ አልሞቱም። ውኃውን በሁለት ቀን ቀስ ብዬ መለስኩት። ያንን ነጭ ቅርፊት በጥፍሬ እየፋቅኩ ሳለ ያሰብኩት ግን አሞሌን ነው። ልጅ ሆነን የተማርነው ነው፤ የአፋር ጨው፣ የግመል ቅፍለት፣ ገንዘብ የነበረው ጨው። ያልተማርነው ጨው እንዴት እዚያ እንደደረሰ ነው። የአፋሩ የዳናኪል ረባዳ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፣ ቀይ ባሕር በአንድ ዘመን ገብቶበት ነበር። ኋላ መግቢያው ተዘጋ። የሚጨምርለት አልነበረም፤ ተነነ፣ ጨውን ጥሎ ሄደ። በረባዳው ዳርቻ ዛሬም ሪፍ፣ ኮራል የሠራው ዐለት፣ ቆሟል፤ የደረቀ፣ ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ የሆነው፣ ቅርንጫፉ ሁሉ የሚታወቅ። ባሕር የላትም የምንላት አገር ኮራል አላት፣ በረሃ ላይ። የእኔ ቀንድ አውጣ በአራት ቀን የሠራችው ያንኑ ነው፣ በትንሹ።

ይህንን ለባለቤቴ ስነግረው «ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ ይወዱታል» አለኝ። አይወዱትም ብዬ ተውኩት። አባቴ ስለ ባሕር አያወሩም።

ሞተሩን አጥፊው

አባቴ ባሕር ኃይል ነበሩ፣ ምፅዋ፣ የቅኝት ጀልባ ላይ፣ ሞተር ክፍል። ይህንን ያህል ያወቅሁት ከእናቴ ነው፣ ነፍሷን ይማር። ቤታችን ቡፌው ላይ በነጭ የደንብ ልብስ የተነሡት ፎቶ ነበር፤ እንግዳ ሲጠይቅ እናቴ ትመልሳለች፣ እሳቸው ተነሥተው ይወጣሉ። በ1981 ዓ.ም. ጉበታቸውን ታመው ለሕክምና አዲስ አበባ ተላኩ። የካቲት 1982 ሻዕቢያ ምፅዋን ሲይዝ፣ ያ ሁሉ ሲሆን እሳቸው አልነበሩም። ጓደኞቻቸው ግን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጋራዥ ገቡ፣ እኛን በመኪና ሞተር አሳደጉን። በጾም እንኳ ቤታችን ዓሣ ሲሠራ እሳቸው ሽሮ ነው የሚበሉት።

እዚህ የመጡት ለትንሿ ልጄ ክርስትና ነው። ገና ሲገቡ ገንዳውን እንዲያዩልኝ ቋምጬ ነበር። «አባባ፣ እንዴት አዩት?» አልኳቸው። «ያምራል፣ ልጄ» አሉኝና ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ። እስከ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ ያቺ ወንበር አልተለወጠችም፤ ፊታቸው ወደ በሩ፣ ጀርባቸው ወደ ውኃው። ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

እና ያቺ ሌሊት። መጀመሪያ ላይ ስነግራችሁ የዘለልኩት አለ። አጎንብሰው ሳገኛቸው የያዙት መብራት አይረጋም ነበር፤ የውኃው ፊት ስለሚንቀጠቀጥ ብርሃኑ ተሰባብሮ ጣሪያው ላይ ይጨፍራል፣ ታች የሚታይ ነገር የለም። ዘወር ሳይሉ «ይኼን ሞተር አጥፊው እስቲ» አሉ። ፓምፕ አላሉም፣ ሞተር አሉ። ልጄን በግራ እጄ ታቅፌ በቀኝ እጄ ሶኬቱን ነቀልኩ። ጥቂት ተወዛውዞ ውኃው ቀጥ አለ። እኔ ራሴ ገንዳዬን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ውኃ ያለ አይመስልም። ሁለቱ ደሴቶች፣ ጥጉ ላይ የተኙት ዓሣዎች፣ የአሸዋው እያንዳንዱ ቅንጣት፣ እጅ ብዘረጋ የምነካው ይመስላል። መስታወቱ ፊት ለፊት ተቀምጬ ወራት ያየሁት ለካ የጎኑን ነበር።

አባቴ መብራቱን ከግራ ጥግ ጀመሩ። ወደ ቀኝ ወሰዱት፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው ወደ ግራ መለሱት፣ እንደገና ዝቅ፣ እንደገና ወደ ቀኝ። ኮራሎቹ ላይ አልቆዩም። መካከሉ፣ ባዶው አሸዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ አለፉ፣ ተመልሰው ሁለተኛ አዩት። ከዚያ ነው ያንን ያሉት። መብራቱን አጠፉ። «በይ ግቢ፣ ልጅቷን ብርድ ይመታታል» ብለውኝ ወደ መኝታቸው ሄዱ።

ጠዋት ቡና ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ነበሩ፣ አንድ ነገር ግን ተለውጧል፤ ወንበራቸውን ገንዳው ጎን አድርገዋል። ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። በዳህላክ ደሴቶች መካከል ውኃው ጥልቀት የለውም አሉኝ፣ ኮራሉ የጀልባ ሆድ ይቀድዳል። ስለዚህ ሞተሩን ዝግ ያደርጉታል፣ ሲብስ ያጠፉታል፣ አንድ ሰው ጀልባዋ አፍንጫ ላይ በሆዱ ተኝቶ ታች ያያል፤ ቀኝ እጁን ካነሣ ወደ ቀኝ፣ ግራውን ካነሣ ወደ ግራ። «እኔን ነበር የሚያስተኙኝ፣ ቀላል ስለነበርኩ።» ልጄን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ክላውንፊሾቹን እያሳዩ፣ «ይኼ እኛ ጋ የለም። የእኛው ቢጫ ነው፣ መስመሩም ሁለት ነው» አሉት። ኋላ ሳጣራ ልክ ናቸው። የቀይ ባሕሩ ክላውንፊሽ ሌላ ነው፣ ባለ ሁለት መስመር፤ የእኔዎቹ ቀይ ባሕር ውስጥ አይገኙም። ሠላሳ ዓመት ያልተናገሩት ሰው የዓሣ መስመር ቁጥር አልረሱም።

«ተኝተው ምንድን ነበር የሚያዩት አባባ?» አልኳቸው።

«ድንጋይ» አሉኝ። «ድንጋይ ነዋ የምንፈልገው።» ስኒያቸውን አስቀመጡ፣ ወሬው እዚያ ላይ አለቀ።

መሐሉ

የሚነዘንዘኝ ይህ ነው። እኔ በሥራዬ ማይክሮስኮፕ ላይ እውላለሁ። አንድ ስላይድ ስናነብ ዝም ብለን አናይም፤ ከጥግ ጀምረን ወደ ቀኝ፣ ዝቅ ብለን ወደ ግራ፣ አንድም ቦታ ሳናልፍ ነው የምንሄደው፣ እንዳያመልጠን። አባቴ በመብራቱ የሄዱት እንደዚያ ነው። በዚያ ሌሊት ልጅ ታቅፌ እንቅልፌን ሳልጨርስ አላስተዋልኩትም። ከሳምንት በኋላ ላብራቶሪ ውስጥ ስላይድ ስገፋ እጄ ቆመ። እያዩ አልነበረም። እየፈለጉ ነበር። ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ባዶ አሸዋ ላይ ሁለት ጊዜ አይመለስም።

ሌላም ሊሆን ይችላል። የሰዓት ለውጥ ነው፣ ያኔ አዲስ አበባ ረፋዱ ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ሽማግሌ ያገኘውን ይላል። ወይም ቀልድ ነው፤ አባቴ አልፎ አልፎ ሳይስቁ ይቀልዳሉ። ባለቤቴ ጠይቂያቸው ይለኛል፤ በየወሩ አንዴ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብዬ እመልስለታለሁ፣ እሱም ገንዳዬ ውስጥ ዘንዶ የሚሆን ቦታ እንደሌለ ይነግረኛል። ቀልዱ ያልቅና ሁለታችንም ዝም እንላለን። እናቴ ጓደኞቻቸው ነበሩ ብላ ስትነግረኝ ስንት እንደነበሩ አልጠየቅሁም። ስማቸውንም አላውቅም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ታሪኩን ሰምታ «ታዲያ ለአባትሽ ባሕራቸውን መለስሽላቸው ማለት ነው» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ደስ አላለኝም። ያንን ገንዳ ስሠራ አባቴን ለአንድ ቀን አላሰብኩም። ያሰብኩት ክንዴን፣ መስታወቱን፣ የሞቱብኝን ሁለት ዓሣዎች ነው። አሁን ተመልሼ ምክንያቱን ላሳምረው ብል እችል ነበር፣ ለመጻፍም ያመች ነበር። ዝቅ ያደረግኩት ግን እጄ እንዲደርስ ነው። አባቴ ከላይ ሊያዩት የቻሉትም በዚያ ነው፣ በአጋጣሚ። ፎቁ ገንዳ ቢሆን ኖሮ ጀርባቸውን ሰጥተውት ይመለሱ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ያ ይሻል ነበር ወይ ብዬም አስባለሁ።

ሊሄዱ ሻንጣ እየዘጋን ሳለ ያንን ክብ ኮራል ነገርኳቸው። ሻጩ ለእኔ ብሎ አስቀምጦልኛል፣ አረንጓዴ ነው፣ ጫፉ ሮዝ፣ መሐሉ አሸዋ ላይ ይቀመጣል አልኩ። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነው። የሻንጣውን ዚፕ እስከ መጨረሻው ሳቡት። «መሐሉን አትሙዪው» አሉኝ። ለምን አላልኩም። በማግስቱ ለሻጩ ደውዬ ለሌላ ሰው እንዲሸጠው ነገርኩት።

አሁን በየማታው ዓሣዎቹን ስመግብ ሞተሩን አሥር ደቂቃ አጠፋለሁ። ምግቡ እንዳይበተን ነው፤ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። ቅዳሜ ማታ ሲሆን፣ እዚያ እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት፣ በቪዲዮ እደውላለሁ። ስለ ልጆቹ እናወራለን፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ኑሮ ውድነት። ከዚያ «ሞተሩ ጠፍቷል?» ይላሉ። «ጠፍቷል አባባ» እላለሁና ስልኩን ውኃው ላይ ዘርግቼ ከግራ ጥግ እጀምራለሁ።

ባለፈው ሳምንት መሐሉ ላይ ስደርስ «ቁሚ» አሉ። አሸዋው ላይ ቀጭን መስመር አለ፣ ከአንዱ ደሴት እስከ ሌላው፣ ጠመዝማዛ።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ቀንድ አውጣ ናት አባባ። አሸዋ ውስጥ የምትኖር ናት፣ ሌሊት ሌሊት ትሄዳለች።»

ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። ግንባራቸውና የነጠላቸው ጫፍ ብቻ ነው የሚታየኝ።

«የት አለች?»

ትንሽ ጉብታ የተሠራችበትን፣ መስመሩ የሚያልቅበትን አሳየኋቸው። እስኪያዩዋት ጠበቅሁ። «እሺ፣ ወደ ቀኝ ውሰጂው» አሉኝ።